ስለ ትዝታ መጻሕፍትና ስለ አገር መልክ

ሰዎች የወላጆቻቸውን ታሪክና የራሳቸውን ዕድሜ እየጻፉ ማሳተም ከለመዱ ወዲህ የትዝታ መጽሐፍ ቍጥር እየበዛ ሄዷል። ነገሩ ደስ የሚያሰኝ ነው። ነገር ግን ብዙዎቹን አንብቦ የጨረሰ ሰው፥ አባትዬው በስንት ዓመተ ምሕረት ምን ሹመት እንደ ተቀበሉና ስንት ልጆች እንደ ወለዱ ያውቃል እንጂ፥ በእረኝነታቸው ከብት ያጠጡበት ምንጭ ከቤታቸው በላይ ይሁን በታች አያውቅም። ዛሬ ልናገርበት የወደድሁት ይህ ጉድለት ነው።

ለማመዛዘኛ የምወስደው በ1959 ዓ.ም የታተመውን «መጽሐፈ ትዝታ ዘአለቃ ለማ ኃይሉ ወልደ ታሪክ» ነው። አለቃ ለማ የቤተ ክርስቲያን ሊቅ ነበሩ፤ ይሁን እንጂ መጽሐፉን ብዕር ይዘው አልጻፉትም። ባለቅኔውና የተውኔት ደራሲው ልጃቸው መንግሥቱ ለማ፥ እርሳቸው በቃል የነገሩትን ተቀብሎ ለኅትመት አበቃው። የልጁ ብልኀት የአባቱን አነጋገር ወደ መጽሐፍ አማርኛ አስተካክላለሁ ብሎ አለማበላሸቱ ነው። ሽማግሌው ሲናገሩ አንባቢው ከምድጃው አጠገብ ተቀምጦ የሚሰማቸው ይመስለዋል። ቅኔ የሚያውቅ ልጅ ስለ አባቱ ሲጽፍ ቅኔውን ይዞ መቆየቱ ቀላል ትዕግሥት አይደለም።

ደግሞም የቆሎ ተማሪ ሕይወት የመንገድ ሕይወት ነው። ተማሪው ለምዱን ለብሶ አኩፋዳውን አንግቶ ከመምህር ወደ መምህር ሲዞር አገሩን በእግሩ ይማረዋል፤ ደጋው አልቆ ቆላው ከየት እንደሚጀምር፥ የትኛው ወንዝ በሐምሌ የማይሻገሩት እንደ ሆነ፥ በየትኛው መንደር ውሻው ክፉ እንደ ሆነ ጠንቅቆ ያውቃል። (ስለ ውሻው ያልተናገረ የቆሎ ተማሪ እኔ እስከ ዛሬ አላጋጠመኝም።) እንዲህ ያለ ሰው ስለ ትምህርቱ ሲያወራ የቦታ ስም ሳይጠራ ሊያወራ አይችልም፤ ቦታው ነገሩን ይስብለታልና።

ራስ እምሩ ኃይለ ሥላሴ መጽሐፋቸውን «ካየሁት ከማስታውሰው» ብለው ሰይመውታል፤ ብላታ መርስዔ ኀዘን ወልደ ቂርቆስም በርእሳቸው ላይ «ካየሁትና ከሰማሁት» የሚል ቃል አኑረዋል። ሁለቱም ማየትን አስቀድመዋል። የዛሬዎቹ ተከታዮቻቸው ግን ማስታወሱን ወስደው ማየቱን የተዉት ይመስለኛል።

ጥቂቶች ጉድለቱን ተረድተው ስለ አገራቸው ውበት አንድ ምዕራፍ ይጨምራሉ። ሆኖም የሚጨምሩት «አረንጓዴ ካባ የለበሰ ተራራ» የሚለውን ነው፤ ይህም ለስሜንም ለጋሞም ለሐረርጌም ልክ ስለሚሆን የማንም አይደለም። በጮቄ ተራራ ግርጌ ያደገ ሰው ጉሙን፥ ውርጩንና የገብሱን ማሳ ያውቃል፤ ወደ ዓባይ በረሃ የወረደም እንደ ሆነ ገብሱ በማሽላ ሲተካ፥ ጋቢውም ሸክም ሲሆንበት ያያል። ይህን ቢጽፍልን ካባውን ባልፈለግነውም ነበር።

ነገሩ የጌጥ ነገር ብቻ አለመሆኑን ልብ በሉ። በሰሜኑ ደጋ በብዙ ስፍራ ከአገር በቀሉ ዛፍ የተረፈው በየአብያተ ክርስቲያናቱ ዙሪያ ያለው ጽድ፥ ወይራና ዝግባ ነው። ባሕር ዛፍ በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን ከውጭ የገባ ሲሆን፥ ዛሬ ኮረብታውን ሁሉ ለብሶ የሚያይ ወጣት ግን ቅድመ አያቱም ያንኑ ያዩ ይመስለዋል። ዱሩ ምን ይመስል እንደ ነበረ ካላዩት ሽማግሌዎች በቀር ማን ይነግረዋል? ባለ ትዝታው ስለ ሹመቱ ቢረሳ ሹመቱ በመዝገብ ይገኛል፤ ስለ ዱሩ ቢረሳ ግን የሚተካው ምስክር የለም።

እኔም ከወቀሳው አላመልጥም። አያቴ ስለ ልጅነታቸው ሲያወሩ የመንደሩ ሽማግሌዎች ለዳኝነት ይቀመጡበት የነበረውን ዋርካ ሳይጠቅሱ አያልፉም ነበር። የዘር ሐረጋቸውን እስከ ሰባት ቤት አስቈጥሬ ጻፍሁ፤ ዋርካው ከወንዙ ወዲህ ይሁን ወዲያ ግን አልጠየቅሁም። ካረፉ በኋላ ወደ ቀበሌው ብሄድ ከወንዙ ወዲህም ወዲያም አንዳንድ የዋርካ ጕቶ አገኘሁ። የትኛው እንደ ሆነ የሚነግረኝ ሰው አጣሁ።

መንግሥቱ ለማ በ1980 ዓ.ም ካረፈ በኋላ የራሱ የሕይወት ታሪክ «ደማሙ ብዕረኛ» ተብሎ ታትሟል። የአባትና የልጅ ትዝታ በሁለት መጽሐፍ ማግኘት በእኛ አገር ብዙ ያልተለመደ ስለ ሆነ፥ አንባቢ ሁለቱን አከታትሎ ቢያነባቸው እመክራለሁ። የቤተ ዘመዱን ሐረግ በመጽሐፉ መጨረሻ ለማሳተም ያሰበ ሰውም ከሐረጉ አጠገብ የቀበሌውን ካርታ፥ ምንጩንና መሻገሪያውን በስማቸው ጽፎ፥ በአንድ ገጽ ቢያኖርልን የኅትመት ዋጋው ብዙ አይጨምርበትም።