«ፀረ ተሕዋስያን» እና «ፕሮባዮቲክ»፦ ስለ ሁለት ስያሜዎች

አንቲባዮቲክን በአማርኛ «ፀረ ተሕዋስያን» ማለት ተለምዷል። ተሕዋስያን ከግእዙ ተሐውሰ፣ ማለትም ተንቀሳቀሰ ከሚለው ግስ የወጣ በመሆኑ ውበት አይጎድለውም፤ ወሰን ግን ይጎድለዋል። ባክቴሪያንም፣ ቫይረስንም፣ ፕሮቶዞዋንም ያጠቃልላልና። አንቲባዮቲክ ግን በዋናነት የሚያጠቃው ባክቴሪያን ነው።

በመተማ ወረዳ፣ በኮኪት ለሚኖር ከብት አርቢ መመሪያ የሚተረጉም ሰው ይህን ሊዘነጋ አይገባውም። አባ ሰንጋ የባክቴሪያ፣ አፍተግር የቫይረስ፣ ገንዲ የፕሮቶዞዋ በሽታ ነው። ሕዝቡ በስም የለያቸውን እኛ በአንድ ስያሜ ብንጠቀልላቸው፣ አርቢው የአፍተግርን ቫይረስ በማይገድል መርፌ ገንዘቡን ያባክናል፤ መድኃኒቱን የሚቋቋሙ ባክቴሪያዎችም ይበራከታሉ።

ችግሩ በፕሮባዮቲክ ይብሳል። የዓለም የምግብና እርሻ ድርጅትና የዓለም ጤና ድርጅት በ2001 እ.ኤ.አ. በሰጡት ፍች፣ ፕሮባዮቲክ በበቂ መጠን ሲሰጡ ለተቀባዩ ጤና የሚበጁ ሕያዋን ደቂቅ ተሕዋስያን ናቸው። እንግዲህ በ«ፀረ» ጠላት ያደረግነውን መልሰን «ለከብትህ መግብ» ልንል ነው። «እርሾ» እንዳንል፣ ቃሉ በሳይንስ ለአንድ የፈንገስ ወገን ተይዟል፤ ፕሮባዮቲክ ግን ባክቴሪያም ይሆናል። ሆኖም እርጎ የምታረጋ ባልቴት ነገሩን ስለምታውቀው፣ እርሾ በማብራሪያው ይግባ።

ስለዚህ ለመጀመሪያው «ፀረ ባክቴሪያ»፣ ለሁለተኛው «አጋዥ ተሕዋስያን» የሚሉትን እናቀርባለን። «ምትክ መድኃኒት» የሚለውን ግን አንቀበልም፤ ከመኖ ጋር የሚሰጥ አጋዥ ጤናን ለመጠበቅ ሊረዳ ቢችልም፣ አባ ሰንጋ የያዘውን በሬ አያድንም።