የለቅሶ ቤት እንጀራ

ሐዘን በገባበት ቤት ምድጃ አይነድም። ከባህላችን ሁሉ አብልጬ የማደንቀው ይህን ነው፤ ያዘነ ሰው ስለሚበላውና ስለሚያበላው እንዲጨነቅ አይተውም። ጥሩምባ ተነፍቶ ብዙም ሳይቆይ የእድሩ ድንኳን ይተከላል፤ አግዳሚ ወንበሩ፣ ብረት ድስቱ፣ ሳህኑ ከእድሩ ዕቃ ቤት ይወጣል። ንፍሮው ይቀቀላል። ጎረቤት እንጀራና ወጡን ይዞ ይገባል፤ ወቅቱ ጾም ከሆነ ወጡም የጾም ነው፣ ይህንንም የሚያስበው ሌላ ሰው ነው።

እናቶች «እግዜር ያጽናሽ» ካሉ በኋላ «እስቲ ቅመሽ፣ የኔ ልጅ» እያሉ ሐዘንተኛዋን ያጎርሷታል። በእግዚአብሔር መታመን ለእኔ እዚህ ጋ ይጨበጣል። ባሏን የቀበረች ሴት ልጆቿን በምን እንደምታሳድግ አታውቅም፤ «እሱ ያውቃል» ትላለች። መልሱም በጎረቤት እጅ ይመጣል፤ እሷም ለዓመታት በየወሩ ለእድሩ መዋጮዋን ከፍላለች፣ ለሌላው ለቅሶ እንጀራ ጋግራለች።

የእድር ገንዘብ ጥቂት ነው፤ ቤት አያቆምም። ግን ከሠልስት በኋላ፣ ለቀስተኛው ሲበተንም፣ አንዷ ጤፍ፣ ሌላዋ ለልጆቹ ደብተር ይዛ ብቅ ትላለች። በብዙ የአዲስ አበባ ሰፈሮች ክርስቲያኑና ሙስሊሙ የአንድ እድር አባል ስለሆኑ፣ «እሱ ያውቃል» የሚለውን ቃል በሁለቱም ቤት እሰማዋለሁ።