ካሜራ ከጉብታ ላይ፤ ስለ ቀደምት የመልክዓ ምድር ፎቶግራፍ

የአገራችንን መልክዓ ምድር በብዛት ካነሡት ቀደምት ፎቶግራፍ አንሺዎች መካከል ዋነኞቹ ወታደሮች ነበሩ። በ1860 ዓ.ም. በናፒየር የተመራው የእንግሊዝ ጦር ወደ መቅደላ ሲዘምት፣ ከመሐንዲሶቹ ክፍል የተመደቡ ፎቶግራፍ አንሺዎች ተከትለውት ከሰንዓፌ እስከ መቅደላ አምባ ያለውን ምድር አነሡ። ለጦሩ ካርታና ንድፍ ማባዛትም ሥራቸው ነበር። ሥዕሎቹ ውበት የላቸውም ማለት አይቻልም፤ የገደሉ ንብርብር ቁልጭ ብሎ ይታያል። ነገር ግን የሚያየው ዓይን መድፍ በየት በኩል እንደሚወጣ የሚያሰላ ዓይን ነው።

የዘመኑ ስልት አድካሚ ነበር። ኬሚካል የተቀባው መስተዋት ሳይደርቅ ሥዕሉ መነሣትና በጨለማ ድንኳን ውስጥ መታጠብ ነበረበት። ውሃ ከሌለ ሥዕል የለም። የሚንቀሳቀስ ሰው ደግሞ ደብዝዞ ይቀራል ወይም ጭራሹን ይጠፋል።

ወደ ደቡብ ቆላ እንውረድ። አሜሪካዊው ሐኪም ዶናልድሰን ስሚዝ በቦረና ምድር አልፎ የጻፈው መጽሐፍ በፈረንጅ አቆጣጠር በ1897 ሲታተም ርእሱ «በማይታወቁ የአፍሪካ አገሮች» የሚል ነበር። ለማን የማይታወቁ? በ1895 ዓ.ም. ደግሞ የመሐንዲስ ጦር መኮንኑ ፊሊፕ ሞድ የደቡቡን ወሰን ቀየሰ። ቀያሽና ፎቶግራፍ አንሺ የሚመኙት ቦታ አንድ ነው፤ ጉብታ። ከጉብታ ላይ የቦረና ሜዳ ግራር፣ ኩይሳና ቀይ አፈር ነው፤ ባዶ ይመስላል።

የዚህ ምድር ልብ ግን ከመሬት በታች ነው። በዱብሉቅ፣ በዌብ፣ በጋዮና በዳስ ያሉት የቱላ ጉድጓዶች እስከ 30 ሜትር ይጠልቃሉ። ከብቱ በተቆፈረ መውረጃ እስከ ገንዳው ይወርዳል፤ ሰዎች አንዱ ከአንዱ በላይ ቆመው እየዘፈኑ ባልዲውን ከእጅ ወደ እጅ ያሳልፋሉ፤ ተራውን የሚያስከብረው አባ ሄሬጋ ነው። በእኔ አስተያየት ይህ ከተፈጥሮ ይልቅ ለሥነ ሕንፃ የቀረበ መልክዓ ምድር ነው። በስሚዝ ዘመን ፈጣኑ ደረቅ መስተዋት ስለ ተገኘ በስልቱ ድክመት ማመካኘት አይቻልም። የጎደለው ወደ ታች መውረድ ነው።

የሚገርመው፣ በኅዳር 1900 ዓ.ም. የተፈረመው የኢትዮጵያና የእንግሊዝ የወሰን ውል ከመስመሩ ወዲህና ወዲያ የሚኖሩ ሕዝቦች በግጦሹና በጉድጓዶቹ እንዲጠቀሙ ፈቅዷል። ሞያሌን ለሁለት የከፈሉት ዲፕሎማቶች እንኳ ጉድጓዱን አይተውታል!

በጥንታዊው የቤተ ክርስቲያን ሥዕላችን ከቅዱሳን ጀርባ ያለው ቀለም ነው፤ አድማስ እምብዛም አይታይም። አድማስን ያስለመደን በአብዛኛው ካሜራና የታተመ ሥዕል ይመስለኛል። ችግሩ ከአድማሱ ጋር ባዶነቱንም መውረሳችን ነው። ቆላ ሲሣል አንድ ግራር፣ አንድ ግመል፣ የምትጠልቅ ቀይ ፀሐይ! የመድረክ መጋረጃችንም ከዚህ አላመለጠም። ባዶ ተብሎ የተሣለ መሬት ባለቤት የለውም ለማለት ደግሞ ይቀላል፤ እረኛውም በገዛ ቀዬው እንግዳ ይሆናል።

ወደ ቦረና የሚሄድ ሠዓሊ ወይም ፎቶግራፍ አንሺ ከጉብታው በፊት መውረጃውን ይጠይቅ፤ በየደረጃው የቆሙትንም ሰዎች በስማቸው ይጻፍ።