ጫትና የድብርት መድኃኒት፦ ስለ አንድ ጥናት የቀረበ ሂስ

በሩዋንዳ ሠፈር መድኃኒት ቤቱንና የጫት መሸጫውን የሚለያቸው ጥቂት እርምጃ ነው። ከአንደኛው አሚትሪፕቲሊን፥ ከሁለተኛው አንድ እስር ጫት ገዝቶ የሚሄድ ሰው ሁለቱን አንድ ላይ አይቈጥራቸውም። ሐኪም «ሌላ የምትወስደው መድኃኒት አለ?» ቢለው «የለም» ይላል፤ አልዋሸም፥ ቅጠል ነዋ!

ወርቁ በዳዳና ባልደረቦቻቸው በ2015 እ.ኤ.አ. ያሳተሙት ጥናት ይህን አሳብ ያናጋል። ደራሲዎቹ ለጤነኛ ኢትዮጵያውያን ፈቃደኞች ዴክስትሮሜቶርፋን የተባለውን የሳል መድኃኒት ሰጥተው፥ ሰውነታቸው እንዴት እንደሚለውጠው ያለ ጫትና ከጫት ጋር አመዛዘኑ። ጫቱም ሲዋይፒ2ዲ6 የሚባለውን የጉበት ኤንዛይም ሥራ ቀነሰው። አሚትሪፕቲሊንን ከሰውነት በማስወገድም ይኸው ኤንዛይም ድርሻ አለው። መድኃኒቱ በደም ውስጥ ከመጠን በላይ ከተጠራቀመ የልብን ምት ያዛባል፤ ጫትም በበኩሉ የልብ ምትንና የደም ግፊትን ከፍ ያደርጋል።

ሥራው የሚመሰገን ነው። ነገር ግን የተለካው የሳል መድኃኒት እንጂ የድብርት መድኃኒት አይደለም፤ የተመረመሩትም ሕመምተኞች አይደሉም። ከዚህ ተነሥቶ «ቃሚ ሕመምተኛ ይመረዛል» ማለት ከማስረጃው ማለፍ ይሆናል። በተለይም የእኛ አገር ሰው ጉዳይ ቀላል አይደለም። ኢሌኒ አክሊሉና ባልደረቦቻቸው በ1996 እ.ኤ.አ. እንዳሳተሙት፥ ከመረመሯቸው ኢትዮጵያውያን በ29 በመቶው የዚህ ኤንዛይም ዘረ መል ተደጋግሞ ተገኝቷል። እንዲህ ያለው ሰው መድኃኒቱን ፈጥኖ ስለሚያስወግድ፥ አንዱን የሚጎዳ እስር ሌላውን ላይነካው ይችላል።

እኔን ይበልጥ የሚያሳስበኝ ግን ጫቱ የቀረ ጊዜ ነው። እየቃመ ሳለ የመድኃኒቱ መጠን የተስተካከለለት ሰው ጾም ገብቶ ጫቱን ቢተው፥ ያው ክኒን ሊያንሰው ይችላል፤ ሐኪሙም ሕመሙ የተመለሰበትን ምክንያት አያገኘውም። ጥናቱ ይህን አልጠየቀም።

በእንክብል ስለሚሸጠው ሴንት ጆንስ ዎርት በውጭ አገር ብዙ ተጽፏል። ከፍሉኦክሴቲን ጋር ሲወሰድ ላብ፥ መንቀጥቀጥና ትኵሳት ሊያመጣ እንደሚችል ይታወቃል፤ የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት አስተዳደርም ይህ ተክል የሌሎችን መድኃኒቶች ኃይል እንደሚቀንስ በ2000 እ.ኤ.አ. አስጠንቅቋል። እኛ ከዚያ ማስጠንቀቂያ ይልቅ የሚያስፈልገን አሚትሪፕቲሊን በሚወስዱ ቃሚዎች ደም ውስጥ የመድኃኒቱን መጠን የሚለካ፥ ጫቱን ሲተዉም መለካቱን የማያቋርጥ ጥናት ነው። የሚቀጥለውን የመመረቂያ ርእስ የሚፈልግ ጓደኛ ካለ ሥራው እዚሁ ደጃችን ነው።