ልክን ማወቅ

አንድ ወዳጄ የሟች አባቱን ቦርሳሊኖ ደፍቶ ሠርግ ቤት መጣ። ደፋው ማለት እንኳ ይከብዳል፤ ባርኔጣው አናቱ ላይ ጉብ ብሏል። “የድሮ ሰው ጭንቅላቱ ትንሽ ነበር እንዴ?” ብለው ሳቁበት። እልህ ያዘውና በሁለት እጁ ወደ ታች ሲስበው የውስጡ ቆዳ ተተረተረ። ዓይኑ እንባ አቀረረ።

ጥፋቱ የአባትየው ጭንቅላት አይደለም። ቦርሳሊኖ እ.ኤ.አ. በ1857 በጣሊያን አገር፣ አሌሳንድሪያ ከተማ የተጀመረ ስመ ጥር ባርኔጣ ቢሆንም ማርጀቱ አይቀርም። በውስጥ ዙሪያውን የተሰፋው ቆዳ ላብ ሲጠጣ ኖሮ ሲደርቅ ይኮማተራል። ከጥንቸል ጸጉር የተሠራው አካሉም ዝናብና ሙቀት ሲፈራረቅበት ይጠባል። ውስጡ 57 ሴንቲ ሜትር ተብሎ ቢጻፍም ዛሬ 57 ላይሆን ይችላል።

ወዳጄ ራሱንም ባርኔጣውንም አልለካም። ሜትር ይዞ ከቅንድብና ከጆሮ ከፍ አድርጎ ጭንቅላትን መለካት ስንት ደቂቃ ይፈጃል? ትንሽ ከጠበበ ቆዳውን ወደ ውጭ ገልብጦ አካሉን በእንፋሎት ማለስለስ፣ ቀስ እያሉ ማስፋት ነው። ከሰፋም ከቆዳው ጀርባ የታጠፈ ወረቀት መወተፍ። ጭራሽ እምቢ ካለ ደግሞ ሳሎን ሰቅሎ ማክበር ምን ነውር አለው?

የአባቶቻችንን ነገር እንወዳለን እንላለን። አወራረሳችን ግን ሁለት ዓይነት ነው፦ ወይ በግድ እናጠልቃለን፣ ወይ “ለኔ አይሆንም” ብለን ለልዋጭ በሳህን እንሰጣለን። መካከል ላይ ያለውን፣ ልክ ማወቅ የሚባለውን፣ ማን ይውረሰው?