የት ጋ መበጠስ እንዳለበት የሚያውቅ ጨርቅ

እናቴ ነጠላ ስትገዛ ዋጋ ከመጠየቋ በፊት ጨርቁን ወደ በሩ ብርሃን ታነሳዋለች። ድሩ የሳሳበትን፣ ማጉ የተጠቀጠቀበትን፣ የሸማኔው እጅ የደከመበትን ቦታ ብርሃኑ አንድ በአንድ ያሳያታል። እኔም ጠረጴዛዬ ላይ ያለውን ክንድ የማይሞላ የፓራሹት ቁራጭ የማየው በእሷ መንገድ ነው። ወደ መስኮቱ ሳነሳው ጨርቁ እንደ ካሬ ደብተር ወረቀት በትንንሽ አራት ማዕዘኖች ተከፋፍሎ ይታያል። መስመሮቹ ለጌጥ የገቡ አይደሉም። በድሩም በማጉም በኩል፣ በየተወሰነ ርቀቱ ከሌሎቹ ወፈር ያለ ክር ገብቷል። ይህ ሽመና ሪፕስቶፕ ይባላል።

ጠርዙን በመቀስ ጫር አድርጌ በሁለት እጄ ሳብኩት። ቅዳዱ ሽርር ብሎ ሄደና አንደኛው ወፍራም ክር ጋ ሲደርስ ቀጥ አለ። ጠንከር አድርጌ ስስበው ያ ክር ተበጠሰና ቅዳዱ ቀጣዩ ላይ ደርሶ እንደገና ቆመ። ሸማኔው ጨርቁ አይቀደድም ብሎ ቃል አልገባም። የገባው ቃል ቢቀደድ ከዚህ አያልፍም የሚል ነው።

ፓራሹት ሲነሳ ሰው ሁሉ የሚጠይቀው ስለ ጥንካሬ ነው። ጥንካሬውማ ያስፈልጋል። ነገር ግን የባለሙያን ሥራ ከለማጅ ሥራ የሚለየው ዕቃው የሚሸነፍበት ቦታና ቅደም ተከተል ነው። የቱ ክፍል ይለጠጥ? የቱ አየር ያሳልፍ? የቱ ይበጠስ? የቱስ ምንም ቢመጣ አይነካ? እነዚህን ጥያቄዎች ይዞ የመጣ ሰው የፓራሹት መሐንዲስ ባይሆንም ጥሩውን ከመጥፎው መለየት አያቅተውም።

ነገሩ የተጀመረው በቀዳዳ ነው። እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 22 ቀን 1797 አንድሬ ዣክ ጋርንራን የተባለ ፈረንሳዊ ፓሪስ ሞንሶ መናፈሻ ላይ ከፊኛ ተለይቶ በሐር ጃንጥላ ወረደ። ከሞት ተርፏል፤ አወራረዱ ግን ክፉ ነበር። የተቀመጠበት ቅርጫት ከግራ ወደ ቀኝ እንደ ደወል ምላስ ይወረወር ነበር። ምክንያቱ ቀላል ነው። ጃንጥላው ውስጥ የታፈነው አየር መውጫ ሲያጣ አንዴ በዚህኛው ጠርዝ፣ አንዴ በዚያኛው ጠርዝ ያመልጣል፤ ባመለጠ ቁጥርም ሰውየውን ወደ ተቃራኒው ይገፋዋል። መፍትሔው ጃንጥላውን ማጠንከር አልነበረም፤ አናቱ ላይ መብሳት ነበር። ስለዚህ ክብ ፓራሹት ስታዩ መጀመሪያ አናቱን እዩ። ቀዳዳው በደንብ ታጥፎ፣ ዙሪያው በጠፍር ተጠናክሮ፣ ገመዶቹ በላዩ ተሻግረው ከተሰፉ ሠሪው የሚሠራውን ያውቃል።

አየር የሚያልፈው በቀዳዳው በኩል ብቻ አይደለም፤ ጨርቁ ራሱም ይተነፍሳል። መሣሪያ የማይጠይቅ ፍተሻ ልንገራችሁ። ጨርቁን ከከንፈራችሁ አስጠግታችሁ ንፉ። የክብ ወታደራዊ ፓራሹት ጨርቅ ትንፋሻችሁን በልኩ ያሳልፋል፤ ማዶ በያዛችሁት መዳፍ ላይ ለስለስ ያለ ንፋስ ይሰማችኋል። ዶሚና ጃልበርት በ1960ዎቹ የፈለሰፈው፣ ዛሬ የስፖርት ዘላዮችና የልዩ ኃይል ወታደሮች እንደ ክንፍ የሚነዱት ባለ አራት ማዕዘን ፓራሹት ጨርቅ ግን ጉንጫችሁ እስኪወጠር ብትነፉ አያሳልፍም። ብዙ ጊዜ በሲሊኮን የተቀባ ነው። ያኛው ክንፍ የሚሆነው ከፊት የገባው አየር ውስጡ ታስሮ ሲቀር ነውና መተንፈስ ለእሱ ሕመም ነው። ስለዚህ ጥሩ ጨርቅ የቱ ነው ብሎ ከመጠየቅ በፊት የምን ቅርጽ ጨርቅ እንደሆነ መጠየቅ ይገባል። አንድ አሮጌ ክንፍ ብዙ ከመታጠፉ የተነሳ መተንፈስ ከጀመረ፣ ቀለሙ ምንም ያህል ቢያምር ጊዜው አልፏል።

ይህ በልክ የማሳለፍና በልክ የመዝጋት ጥበብ በሌላ የጦር ሜዳ ጨርቅ ላይም ያስደንቀኛል። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ማንቸስተር የሚገኘው የሸርሊ ተቋም ቀዝቃዛ ባሕር ላይ ለሚወድቁ የእንግሊዝ አብራሪዎች ቬንታይል የተባለ የጥጥ ጨርቅ ሠራ። ረጅም ጭረት ካለው ጥጥ እጅግ ተጠቅጥቆ የተሸመነ ነው። ደረቅ ሲሆን የሰውነትን ላብ ያስወጣል፤ ውሃ ሲነካው ጥጡ ያብጥና ክፍተቶቹን ይዘጋል። ቅባትም ላስቲክም ሳይጨመርበት፣ ጥጡ በባሕርዩ የሚያደርገውን እንዲያደርግ ብቻ ተፈቅዶለት።

ወደ ፓራሹቱ ልመለስ። ሐር ለረጅም ጊዜ ያለ ተፎካካሪ ቆየ። ከሚወድቅ አውሮፕላን ዘለው በፓራሹት የተረፉ ሰዎች ማኅበር በአባጨጓሬ የተሰየመው ሕይወታቸው የተንጠለጠለው በሐር ትል ክር ላይ ስለነበር ነው። ጦርነቱ ከጃፓን የሚመጣውን ሐር ሲያቋርጠው ተራው የናይለን ሆነ። በጁን 1942 አድሊን ግሬይ የተባለች አሜሪካዊት ኮኔቲከት ውስጥ በናይለን ፓራሹት በመዝለል የመጀመሪያዋ ሰው ሆነች። ናይለን የተወደደው ርካሽና ጠንካራ በመሆኑ ብቻ አይደለም። አይሻግትም፤ ከሁሉ በላይ ደግሞ ከመበጠሱ በፊት ብዙ ይለጠጣል። ጃንጥላው በድንገት ሲነፋ የሚመጣውን ድንጋጤ የሚበላው ያ መለጠጥ ነው። ከናይለን በክብደቱ ልክ እጅግ የሚጠነክረው ኬቭላር እምብዛም አይለጠጥም። ስለዚህ ናይለንና ኬቭላር አንድ ሸክም እንዲጋሩ ጎን ለጎን የተሰፉበት ዕቃ ካያችሁ ተጠራጠሩ፤ ናይለኑ ገና ሲለጠጥ ኬቭላሩ ሸክሙን ሁሉ ብቻውን ተሸክሞታል።

ናይለን ሁለት ጠላቶች አሉት። አንደኛው ፀሐይ ነው፤ ቀስ በቀስ ያደርቀዋል፣ ያሰባብረዋል። ሁለተኛው ራሱ ናይለን ነው። ገመድ ጨርቁ ላይ በፍጥነት ሲንሸራተት ሙቀቱ ያቀልጠዋል። ጣታችሁን በጨርቁ ላይ ስታሳልፉ ጠጠር ያለና የሚያብለጨልጭ ነጠብጣብ ካገኛችሁ እዚያ ጋ ክር ቀልጦ ተጣብቋል።

ስፌት ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል፤ እኔም ተሳስቼ አውቃለሁ። አንድ ጊዜ የሻንጣዬ ማንገቻ ሲላቀቅ ለልብስ ሰፊ ሰጠሁትና ደህና አድርገህ ስፋው አልኩት። እሱም ከአክብሮት ብዛት በላይ በላዩ ስምንት ጊዜ ሰፋው። በሳምንቱ ማንገቻው ተቆረጠ። ስፌቱ ግን አልተፈታም፤ ጠፍሩ ነው በስፌቱ መስመር ላይ እንደ ቴምብር ጠርዝ የተገነጠለው። እያንዳንዱ የመርፌ ውጋት ጥቂት ክር ይጎዳል። ለዚህ ነው የፓራሹት ስፌት መመሪያዎች በአንድ ኢንች ውስጥ ትንሹን ብቻ ሳይሆን ትልቁንም የውጋት ቁጥር የሚወስኑት።

እንግዲህ ስፌትን ስትመዝኑ ከውስጥ በኩል ገልብጡት። የጃንጥላው ፍልቃቂዎች (እንደ ብርቱካን ፍልቃቂ ከአናት ወደ ጠርዝ ይወርዳሉ) የሚገጣጠሙት ጠርዝና ጠርዛቸው እርስ በርስ ተቆላልፎ ነው፤ የጂንስ ሱሪ ጎን የሚሰፋውን ዓይነት። ጥሬ ጠርዝ የትም አይታይም። ሰውነት የሚታሰርበት ጠፍር ላይ ደግሞ ዚግዛግ ስፌት ፈልጉ። ዚግዛግ ጠፍሩ ሲለጠጥ አብሮት ይለጠጣል፤ ቀጥ ያለ ስፌት ያን አይችልም። የክሩንም ቀለም አስተውሉ። ብዙ ጊዜ ከጠፍሩ ቀለም የተለየ ነው። ይህ የሠሪው ድፍረት ነው፤ ያለቀ ወይም የተዘለለ ውጋት ካለ ተቆጣጣሪው በቀላሉ እንዲያገኘው ፈቅዷል። ስፌቱን በተመሳሳይ ቀለም የደበቀ ሰው ብዙ ያሳስበኛል።

ድር ቢያብር አንበሳ ያስር እንላለን። በፓራሹት ገመድ ላይ ግን ማበር ብቻውን አይበቃም፤ እኩል መወጠር ያስፈልጋል። የአሜሪካ ጦር ከ1950ዎቹ ጀምሮ ለአሥርት ዓመታት የዘለለበት ቲ-10 ፓራሹት ሠላሳ ገመዶች አሉት። አንዱ ከሌሎቹ ካጠረ በመክፈቻው ቅጽበት የሚደርስበት ሸክም ከድርሻው በላይ ነው። ስለዚህ ገመዶቹ የሚለኩት ተወጥረው እንጂ ተጋድመው አይደለም። ገበያ ላይ ፓራኮርድ እየተባለ የሚሸጠውን ስትገዙ ደግሞ ጫፉን ፍቱት። በእውነተኛው 550 ፓውንድ ገመድ ልባስ ውስጥ ከሰባት እስከ ዘጠኝ ክሮች አሉ፤ እያንዳንዳቸውም ከሦስት ቀጫጭን ክር የተገመዱ ናቸው። ውስጡ ያልተገመደ ጭረት ብቻ ከሆነ የእጅ አምባር መሥሪያ ነው፤ ሰው አይንጠለጠልበትም።

ከሁሉ የምወደው ክፍል ግን የሚጣለው ነው። ወታደሩ ሲዘል ከአውሮፕላኑ ጋር የተያያዘ ገመድ ፓራሹቱን ከጀርባው ይስበዋል። መጀመሪያ ገመዶቹ፣ ቀጥሎም ጃንጥላው እንደ ረጅም መቀነት ቀጥ ብሎ ይዘረጋል። ከዚያ በኋላ አናቱን ከአውሮፕላኑ ገመድ ጋር ያሰረው ቀጭን ክር ይበጠሳል። የቲ-10 ክር የሚችለው 80 ፓውንድ፣ ማለትም 36 ኪሎ ያህል ብቻ ነው። ፓራሹቱ በሙሉ የሚሸከመው ዘላዩን ከነትጥቁ እስከ 360 ፓውንድ ነው። ክሩ ከሚገባው በላይ ቢሳሳ ጃንጥላው ሳይዘረጋ ይለቀቃል፤ ከሚገባው በላይ ቢጠነክር ደግሞ የሚያድነው ጨርቅ አውሮፕላኑን አልለቅም ይላል። ፓራሹቱን የሚያጥፈው ባለሙያ ይህችን ክር በእጁ ይቋጥራታል፣ ስሙንም ይፈርማል። በአሜሪካ ጦር ደንብ ደግሞ ባጠፈው ፓራሹት ራሱ ዝለል ቢባል እምቢ ማለት አይችልም።

ቲ-10ን የተካው ቲ-11 ሲመጣ ዘላዮች ቆጠራቸውን ቀየሩ። ከበሩ ወጥተው ጃንጥላው መከፈቱን እስኪያዩ ድረስ እስከ አራት ይቆጥሩ የነበሩት እስከ ስድስት መቁጠር ጀመሩ። ላላወቀ ሰው መዘግየቱ ጉድለት ይመስላል። ሥራውን ለሚያይ ግን ብልጫው እዚያ ላይ ነው፤ በዝግታ የሚነፋ ጃንጥላ አንገትና ወገብን አይመታም። ቲ-11 ክብነቱን ትቶ የመስቀል ዓይነት ቅርጽ ያዘ፤ የመውረጃ ፍጥነቱም በሰከንድ ከ22 ጫማ ገደማ ወደ 19 ወረደ። የመሬቱ ምት የሚያድገው በፍጥነቱ ካሬ ልክ ስለሆነ ያቺ የሦስት ጫማ ልዩነት ጉልበት ላይ የሚያርፈውን ኃይል በሩብ ያህል ትቀንሳለች።

የመክፈቻው ቅጽበት ግን ሙሉ በሙሉ የማይታዘዝ ነገር ነው። ናሳ በ2014 እና በ2015 ሐዋይ አካባቢ፣ ለማርስ የታሰቡ ዲያሜትራቸው ከ30 ሜትር የሚያልፍ ፓራሹቶችን ከድምፅ በላይ በሆነ ፍጥነት ሞከረ። ሁለቱም ተተለተሉ። ያንኑ ሸክም በዝግታ ሲሞከሩ ችለውት ነበርና መሐንዲሶቹ በሸክም መጠን ብቻ መመዘኑ እንደማይበቃ ተረዱ። ጨርቁ በዚያች ቅጽበት እንዴት እንደሚፈታ ማየት ነበረባቸው። በሴፕቴምበር 2018 አነስ ያለ፣ 21 ሜትር ተኩል የሆነ፣ ጨርቁ የተጠናከረ ፓራሹት በሮኬት ላኩ። በሰከንድ አራት አሥረኛ ውስጥ ተነፍቶ 67,000 ፓውንድ ኃይል ተሸከመ። የራሱ ክብደት 180 ፓውንድ ብቻ ነበር። ያው ዓይነት በ2021 ፐርሰቪራንስ የተባለችውን ተሽከርካሪ ማርስ ላይ አወረደ። የአከፋፈቱ ቪዲዮ ስላለ እያዘገማችሁ እዩት፤ ፍልቃቂዎቹ እኩል ይሞሉ እንደሆነ ነው የሚታየው።

ፓራሹት የሌለበት ፓራሹትም አለ፤ እኛ አገር ዘንቧል። በእኛ አቆጣጠር በ1977ቱ ድርቅ የእንግሊዝ አየር ኃይል ሄርኩለስ አውሮፕላኖች መኪና ወደማይደርስባቸው ደጋዎች ዝቅ ብለው እየበረሩ እህል ያለ ጃንጥላ ይጥሉ ነበር። ሥራው ሁሉ ያለው ከረጢቱ ላይ ነው። እህሉ በከረጢት ውስጥ ባለ ከረጢት ይሞላል፤ የውስጡ ቢፈነዳ የውጪው እንዲይዘው። መርሑ ጠረጴዛዬ ላይ ካለው የሪፕስቶፕ ቁራጭ አይለይም።

ዋሽንግተን የስሚዝሶንያን የአሜሪካ ታሪክ ሙዚየም ውስጥ ከፓራሹት የተሠራ አንድ የሙሽራ ቀሚስ አለ። በ1944 አንድ የቢ-29 አብራሪ ጃፓን ላይ ቦምብ ጥሎ ሲመለስ ሞተሩ ተቃጠለበትና ከነባልደረቦቹ ዘለለ። ያን ሌሊት የናይለን ፓራሹቱን ብርድ ልብስም ትራስም አድርጎ አደረ። ቤቱ ሲመለስ ለእጮኛው ሰጣት፤ በ1947 ፔንስልቬንያ ውስጥ ለብሳው ተዳረች። ጉርዱን የሠራችው ራሷ ናት፤ የፓራሹቱን ገመዶች ስባ ከፊት አሳጠረችው፣ ከኋላ እንዲጎተት ለቀቀችው። እዚያ ደርሼ ቢፈቀድልኝ መጀመሪያ ጠርዙን ገልብጬ የውስጡን ስፌት ነበር የማየው።