የአድዋ ሥዕል በፍሬም፦ ገዢው ምን ይመልከት?

ከፒያሳ እስከ ቃሊቲ፣ በሆቴል እንግዳ መቀበያ፣ በቢሮ ግድግዳ፣ በሳሎን ከሶፋው በላይ የአድዋ ሥዕል ኅትመት ማየት ብርቅ አይደለም። ብርቁ ጥሩው ነው። አብዛኛው ገዢ የፍሬሙን ወርቃማ ጠርዝ አይቶ ዋጋ ይከራከራል እንጂ ሥዕሉን አያነበውም። የአድዋ ሥዕል ግን የሚነበብ ሥዕል ነው፤ ኅትመቱም የሚመዘነው ንባቡን ሳያጎድል በማድረሱ ነው።

እንደ በላቸው ይመር ያሉ ባህላዊ ሠዓሊዎች የተከተሉት ሥርዓት አለ። በብዙዎቹ ሥዕሎች የኢትዮጵያ ሠራዊት በግራ፣ የኢጣሊያ ጦር በቀኝ ይሰለፋል። ዐፄ ምኒልክ ዘውድ ደፍተው ከጥላ ሥር ይታያሉ፤ እቴጌ ጣይቱ በፈረስ ላይ ሆነው ሽጉጥ ይዘዋል። ከላይ ቅዱስ ጊዮርጊስ በነጭ ፈረሱ፣ አረንጓዴ፣ ቢጫና ቀይ ኅብር ከቦት ይወርዳል። ጦርነቱ የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. በጊዮርጊስ ዕለት የተደረገ ነውና ሰማዕቱ ያለ ምክንያት አልመጣም።

ዋናው ምስጢር ዐይን ላይ ነው። ወገን ፊቱን ወደ ተመልካቹ ስለሚያዞር ሁለቱም ዐይኖቹ ይታያሉ፤ ጠላት በጎን ስለሚሣል አንድ ዐይን ብቻ ይኖረዋል። ልማዱ ከቤተ ክርስቲያን የመጣ ነው፤ እዚያም ቅዱሳን በሙሉ ፊት፣ ክፉዎች በጎን ይሣላሉ። ስለዚህ በኮምፒውተር «ታድሶ» የኢጣሊያ ወታደሮች ፊት ለፊት የሚያዩበት ኅትመት ካጋጠመ፣ ቀለሙ ቢያበራም ሥዕሉ ተበላሽቷል።

ቀጥሎ ጠርዙ ይታይ። በርካታ ኅትመቶች ፍሬም ውስጥ እንዲገቡ ተብሎ ይቆረጣሉ። እቴጌዋ ብዙ ጊዜ ከታች በግራ ጥግ በኩል ስለሚሣሉ መቀሱ ቀድሞ የሚያገኘው እሳቸውን ነው፤ ፍሬም ሠሪው ልኩ እንዲገጥምለት ብሎ ጣይቱን ከጦርነቱ ያስቀራቸዋል! ከመቁረጥ የሸሸው ደግሞ ምስሉን ይስበዋል፤ ያኔ ፈረሶቹ ያለ ልክ ይረዝማሉ። ከሰዎቹ አጠገብ በአማርኛ የተጻፉት ስሞች መነበብ አለባቸው። ሠዓሊው ስሙን ጽፎ ከሆነም እሱም መቅረት የለበትም።

ቀለሙን ለመመርመር አነስተኛ አጉሊ መነጽር ይበቃል። በኦፍሴት የታተመ ሥዕል ሲጎላ ባለቀለም ነጠብጣብ ሆኖ ይታያል፤ ይህ ነውር አይደለም፤ ነውሩ ሻጩ «በእጅ የተሣለ ነው» ሲል ነው። ነጠብጣቦቹ እርስ በርስ ካልገጠሙ የፊቶቹ ጠርዝ ይደበዝዛል፤ የዐይን ነገር ዋና በሆነበት ሥዕል ደግሞ ይህ ትልቅ ጉድለት ነው። ርካሽ ቀለም ፀሐይ ሲመታው ቢጫውና ቀዩ ቀድመው ይጠፋሉ፤ ሰማያዊው ይቀራል። በመስኮት አጠገብ የኖረ ፖስተር ላይ የጊዮርጊስ ኅብር ሰማያዊ መስሎ የሚታየው ለዚህ ነው።

የውጭ ጋዜጦች ኅትመት ሌላ ዐይን ይፈልጋል። የፓሪሱ ለ ፔቲ ዡርናል እ.ኤ.አ. በ1898 ምኒልክን በአድዋ ጦርነት መሀል የሚያሳይ ባለቀለም ሥዕል አውጥቷል። ጋዜጣው በዚያ ዘመን በሚሊዮን ቅጂ ይታተም ስለነበር «በዓለም ያለ አንድ ቅጂ» የሚል ሻጭ አይታመን። እውነተኛው ገጽ ጀርባው ላይ የፈረንሳይኛ ጽሑፍ አለው፤ ወረቀቱም ርካሽ ስለነበር ወደ ቢጫነት ያደላል፣ ጠርዙም ይፈረፈራል። ጀርባው ነጭ ከሆነ የዛሬ ዘመን ቅጂ ነው።

ከዚያ በፊት በእንግሊዞች የመቅደላ ዘመቻ ጊዜ፣ ኢለስትሬትድ ለንደን ኒውስ የተባለው ጋዜጣ ሠዓሊውን ዊልያም ሲምሰንን ወደ ኢትዮጵያ ልኮ ነበር። የዘመቻው ሥዕሎች በእንጨት ላይ ተቀርጸው በጥቁርና ነጭ የታተሙ ናቸው። ትልልቆቹ ከበርካታ የእንጨት ቁራጮች ስለሚጋጠሙ፣ በመጋጠሚያው ላይ ፀጉር የመሰለ ነጭ መስመር አንዳንዴ ይታያል፤ የትክክለኛነት ምልክት ነው። ቀለም ካላቸው ግን ኋላ ሌላ ሰው የቀባው ነው። ለግድግዳ ያምራል፤ በዋጋው ላይ ግን ገዢው ይከራከር።

ፍሬሙ የመጨረሻው ነገር ነው፤ ግን ሥዕልን የሚገድለው እሱ ነው። መስታወቱ ወረቀቱን መንካት የለበትም፤ በክረምት እርጥበት ይጣበቃሉ። በመሀላቸው ወፍራም የወረቀት ክፈፍ ይግባ፤ እሱም ሆነ የጀርባው ካርቶን አሲድ የሌለበት ይሁን። ተራ ካርቶን በዓመታት ውስጥ ቡናማ እድፍ ያሳልፋል። ወረቀቱን በሙጫ ወይም በስኮች የለጠፈ ባለሙያ ሁለተኛ ሥራ አይሰጠው።

ዐይኑን ማሠልጠን የሚፈልግ በስድስት ኪሎ የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ሙዚየም ገብቶ የባህላዊ ሠዓሊዎቹን ሥራዎች ይይ። ከዚያ ሱቅ ሲሄድ ሥዕሉ ከፍሬሙ ወጥቶ ጀርባው እንዲታይ ይጠይቅ፤ ሻጩ እምቢ ካለ ሌላ ሱቅ ይሂድ።